ቴታ ሌሊት አትተኛም፤ አንቺስ መቼ ትተኛለሽ?

እህቶቼ፣ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ብዙዎቻችን በየቤቱ የምናውቀውን፣ ግን እንደ ዜና የማይቆጠረውን ነገር ነው። የአረጋውያን እንቅልፍ ማጣት። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ፓስፖርት፣ ስለ ካፋላ ብዙ ተጽፏል፤ መጻፉም ልክ ነው። ስለ ሌሊቱ ግን የሚያነሳ የለም። እዚህ ሊባኖስ አያትን ቴታ ይላሉ፣ ወንዱን ጂዶ። ባሕረ ሰላጤው ላይ ያላችሁ ደግሞ ማማ ከቢራ ወይም ሐጃ ትሏቸዋላችሁ። ስሙ ይለያያል እንጂ ሌሊቱ አንድ ነው። አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ ትጠሪያለሽ፣ ጠዋት ደግሞ ቤቱ እንዲጸዳ ይጠበቃል።

እኔም አሮጊት የምጠብቅ ነኝ፤ ስለዚህ የምጽፈው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። የምለው ነገር አንድ ነው። የአሮጊቷ እንቅልፍ ማጣት አብዛኛውን ጊዜ ምክንያት አለው፣ ምክንያቱም ሊታከም ወይም ሊቀንስ ይችላል። ቤተሰቡ ግን ምክንያቱን ከመፈለግ ይልቅ ነገሩን ለሁለት ይሰጠዋል፤ ለኪኒን እና ለአንቺ። ኪኒኑ እሷን ይጎዳታል፣ ሌሊቱ አንቺን ይጎዳሻል። ሁለታችሁም የምትተኙበት መንገድ ደግሞ ተመሳሳይ ነው።

ሌሊቱ እንዴት የእኛ ሆነ?

መጀመሪያ አገሩን እንየው። ሊባኖስ ከአረብ አገሮች መካከል የአረጋውያን ቁጥር ከሕዝቡ አንጻር ከፍተኛ ከሆነባቸው አንዷ ናት። ወጣቱ በየጊዜው ይሰደዳል፤ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ካናዳ፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው። እ.ኤ.አ. በ2019 ኢኮኖሚው ሲወድቅ ስደቱ ባሰ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር 1,507 ሊራ ነበር፤ በ2023 ወደ 90,000 ሊራ ተጠጋ። ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙት ገንዘብ ባንክ ውስጥ ታሰረባቸው፤ የጡረታ ገንዘባቸውም ዋጋ አጣ። ሐኪሞችና ነርሶችም እንደ ሌላው ሰው ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ።

እንግዲህ አስቢው። ልጆቹ ውጭ አገር ናቸው። እናትየው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ናት። የሌሊት ነርስ ለመቅጠር በየሌሊቱ መክፈል ያስፈልጋል። የአረጋውያን ማቆያ ቤት ውድ ነው፣ ብዙ ቤተሰብም እንደ ነውር ያየዋል። ስለዚህ ልጅየው ከውጭ ሆኖ ያሰላና አንዲት ሠራተኛ ያመጣል። ያቺ ሠራተኛ በአንድ ደመወዝ ቀን አጽጂ፣ አብሳይና ገበያ ሂያጅ፣ ሌሊት ደግሞ ነርስ ትሆናለች። መክተቡም ሲያስማማ «አንዲት አሮጊት ብቻ ናት፣ ሥራ የለውም» ይላል። እህቴ፣ «አንዲት አሮጊት ብቻ» የሚለውን ቃል ስትሰሚ ሌሊቱን ጠይቂ።

ባሕረ ሰላጤው ላይ ብር አለ፣ ግን ነገሩ ብዙም አይለይም። ሀብታም ቤት ነርስ ለብቻ ይቀጠራል፤ መካከለኛው ቤት ግን አሮጊቷ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ፍራሽ ይነጠፋል፣ እዚያ የምትተኛው ሠራተኛዋ ናት።

ሊባኖስ ላይ ደግሞ ሌሊቱን የሚያከብድ ሌላም ነገር አለ። አንዱ መብራት ነው። የመንግሥት መብራት ይጠፋል፣ ኢሽቲራኩም፣ ማለትም የሰፈሩ ጄኔሬተር፣ ሌሊት የሚዘጋበት ቤት አለ። አሮጊት በጨለማ ወደ ሽንት ቤት ስትሄድ ትወድቃለች። ሌላው ጦርነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 የቦምብ ድብደባው ሲበረታ፣ እስከ ኖቬምበር 27 የተኩስ አቁም ድረስ፣ ሌሊቱን ሙሉ የድሮን ድምፅ ከላያችን አልጠፋም ነበር። ከ1975 እስከ 1990 የነበረውን የእርስ በርስ ጦርነት ያሳለፉ አሮጊቶች ያን ድምፅ ሲሰሙ የድሮው ፍርሃት ይመለስባቸዋል። እኛም እኮ ፈርተን ነበር። አንዳንድ እህቶቻችን ቤተሰቡ ሸሽቶ እነሱ ተቆልፎባቸው እንደቀሩ አትርሱ።

«እርጅና ነው» የሚለው መልስ አይበቃም

ማዳምን «ቴታ አልተኛችም» ስትያት የምትመልስልሽ «አርጅታ ነው እኮ» ነው። ግማሹ እውነት ነው። ሰው ሲያረጅ እንቅልፉ ይቀልላል፣ ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎም ይሄዳል። ግን የሚያስፈልገው የእንቅልፍ መጠን ብዙ አይቀንስም። ከ65 ዓመት በላይ ላለ ሰው የሚመከረው ከ7 እስከ 8 ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ሒሳብ አለ። ቴታ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኝታ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ብትነሳ 7 ሰዓት ተኝታለች ማለት ነው። አልታመመችም፣ እንቅልፏን ጨርሳለች። ቀን ላይ ደግሞ ሶፋ ላይ ሁለት ሰዓት ካንቀላፋች ሌሊት ለመተኛት ምን ይቀራታል? እንደዚህ ያለችዋ መድኃኒት አያስፈልጋትም። የመኝታ ሰዓቷ በየጥቂት ቀኑ በትንሽ በትንሹ ወደ ኋላ ይገፋ፣ የቀን እንቅልፏ ከግማሽ ሰዓት አይለፍ፣ ጠዋት በረንዳ ላይ ብርሃን ታግኝ። ቡናና ሻይ ከምሳ በኋላ ቢቀር ይሻላል። ጎረቤት ሲመጣ ከሰዓት በኋላ የሚፈላው ቡና ስንቱን ሌሊት እንዳበላሸ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ሌላው ግማሽ ግን በሽታ ነው። ምልክቱን የምታዪው አንቺ ነሽ፤ ሐኪሙ ሌሊት እዚያ የለም፣ ማዳምም ክፍሏ ተኝታለች። ምን ምን ማየት እንዳለብሽ ልዘርዝርልሽ።

ሽንት። በሌሊት ሦስት አራት ጊዜ የምትነሳ ከሆነ ምክንያቱ ስኳር፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ለወንድ ደግሞ ፕሮስቴት ሊሆን ይችላል። ውኃ የሚያስወጣ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ላሲክስ ተብሎ የሚሸጠው፣ በማታ የሚሰጣት ከሆነ ሌሊቱን ስትመላለስ ታድራለች። «ይህ መድኃኒት ጠዋት ሊሆን አይችልም ወይ?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ብቻ ሌሊቱን የሚለውጥበት ጊዜ አለ። ሰዓቱን ግን በራስሽ አትለውጪ። እግሯ ቀን ላይ የሚያብጥ ከሆነም ስትጋደም ያ ውኃ ወደ ደሟ ተመልሶ ሽንት ይሆናል። ከሰዓት በኋላ እግሯን ከፍ አድርጋ ብትቀመጥ የተወሰነው ከመኝታ በፊት ይወጣላታል።

ትንፋሽ። ጠፍጣፋ ትራስ ላይ መተኛት አቅቷት ሦስት ትራስ ከፈለገች፣ ወይም ሌሊት አየር አጥሯት ብድግ ካለች፣ ልብ ሊሆን ይችላል። ይህ ቀጠሮ እስኪደርስ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ኃይለኛ ኩርፊያ ካላት፣ በመሃል ትንፋሿ ቀጥ ብሎ እንደገና በድንጋጤ ከተመለሰ፣ ቀንም ስታንቀላፋ ከዋለች፣ ያ የራሱ ስም ያለው ሕመም ነው፤ በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥ። ደም ግፊትን ያባብሳል። በጭምብል አየር በሚነፋ ማሽን ይታከማል፣ ማሽኑ ግን መብራት ይፈልጋል።

እግር። ስትጋደም እግሬን አላስቀምጥ አለኝ የምትል፣ ስትራመድ የሚተዋት ከሆነ፣ አንዳንዴ ከብረት ማነስ ጋር የሚያያዝ ሕመም ነው። የደም ምርመራ ይነግራል።

ስኳር። ኢንሱሊን የምትወስድ ሆና ሌሊት በላብ ተነክራ፣ ተንቀጥቅጣ ወይም ግራ ተጋብታ ከነቃች ስኳሯ ወርዶ ሊሆን ይችላል። መለኪያው ካለ ለኪ። ነቅታ መዋጥ የምትችል ከሆነ ጭማቂ ወይም የስኳር ውኃ ስጪያትና ቤተሰቡን ቀስቅሺ። ካልነቃች ግን አፏ ውስጥ ምንም አትጨምሪ፣ አምቡላንስ ጥሪ።

መርሳት። አልዛይመር ያለባቸው ሰዎች ፀሐይ ስትገባ ይጨነቃሉ። «ቤቴ ውሰዱኝ» ይላሉ፣ ቤታቸው ተቀምጠው። ሌሊቱና ቀኑ ይገለበጥባቸዋል። ከእሷ ጋር አትከራከሪ፤ «ቤትሽ ነው» ብለሽ አሥር ጊዜ ብትነግሪያት አትሰማሽም። ማታ ከመምጣቱ በፊት መብራቱን አብሪ፣ ድምፁን ቀንሺ፣ የምትወደውን ነገር አስይዣት። ክፍሏን ግን ከውጭ አትቆልፊ፤ እሳት ቢነሳ መውጫ የላትም።

ድንገተኛ ለውጥ። ይኼንን አደራ። ትናንት ደህና የነበረች አሮጊት ዛሬ ሌሊት ሰው መለየት ካቃታት፣ ከቀባጠረች፣ የሌለ ነገር ካየች፣ «መርሳቷ ባሰ» ብለሽ አትለፊ። ኢንፌክሽን፣ የውኃ እጥረት ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለባት።

በረመዳን ደግሞ ቤቱ ሁሉ ሌሊቱን ነቅቶ ቀን ይተኛል። አሮጊቷ የማትጾም ብትሆንም እንቅልፏ ይዛባል፣ የመድኃኒት ሰዓቷም ይሸሻል። ወሩ ከመግባቱ በፊት የመድኃኒቱን ሰዓት ሐኪም እንዲያወጣላት ቤተሰቡን አስታውሺ።

ኪኒኑስ?

አሁን ወደ ኪኒኑ እንምጣ። ብዙ ቤት ውስጥ ዓመታት ያስቆጠረ የእንቅልፍ ወይም የጭንቀት ኪኒን አለ። ብሮማዜፓም፣ ዳያዜፓም፣ ሎራዜፓም፤ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው። የአሜሪካ የአረጋውያን ሐኪሞች ማኅበር ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ሊታዘዙ የማይገባቸውን መድኃኒቶች በዝርዝር ያወጣል፤ እነዚህ ኪኒኖች እዚያ ውስጥ አሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአሮጊት ሰውነት ቶሎ አያስወግዳቸውም፤ ሌሊት ስትነሳ ትንገዳገዳለች፣ ትወድቃለች፣ ዳሌዋ ይሰበራል፣ አእምሮዋም ይደበዝዛል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡት የጉንፋንና የአለርጂ እንቅልፍ አምጪዎችም፣ በተለይ ዳይፈንሃይድራሚን ያለባቸው፣ ለአረጋውያን ደህና አይደሉም። አፍ ያደርቃሉ፣ ሽንት ይይዛሉ፣ ግራ ያጋባሉ።

ይህን ስላነበብሽ ግን ኪኒኑን ከእጇ እንዳትነጥቂ። ለዓመታት የተወሰደ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ቢቆም ይብሳል፤ የሚጥል ሕመም እስከማምጣት ይደርሳል። የሚቀንሰው ሐኪም ነው፣ ቀስ በቀስ ነው።

ይህ ጉዳይ ላንቺ ሁለተኛ አደጋ አለው። ኪኒኑን የምትሰጪው አንቺ ነሽ። አሮጊቷ ወድቃ ብትሰበር መጀመሪያ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። «አንድ ጨምሪላት፣ እንድትተኛ» ቢሉሽ በቃል አትቀበዪ። «ማዳም፣ በዋትሳፕ ጻፊልኝ፣ እንዳልረሳ» በያት። መልእክቱ ስልክሽ ላይ ይቀራል።

ሊባኖስ ውስጥ ያላችሁ ሌላም ነገር ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2021 መንግሥት የአብዛኛውን መድኃኒት ድጎማ ሲያነሳ ዋጋው ሰማይ ነካ፣ ብዙውም ከፋርማሲ ጠፋ። ሰው ከቱርክና ከሌላም አገር በሻንጣ ማስመጣት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ አንድ ዓይነት መድኃኒት በሁለት ሦስት ዓይነት ካርቶን ቤት ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ስማቸው የተለያየ ስለሆነ ሁለቱንም የምትሰጥ ሠራተኛ አሮጊቷን እጥፍ ሰጥታታለች ማለት ነው። ካርቶኖቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ደርድሪና ፎቶ አንሺ። ፎቶውን ለፋርማሲው አሳዪ፤ «የትኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው?» ብለሽ ጠይቂ። ገንዘብ አያስወጣም።

የእሷን ኪኒን ደግሞ ራስሽ አትውሰጂ። እንቅልፍ አጥታችሁ የምትወስዱ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልማድ ይሆናል፣ ጠዋትም ራስሽ ዞሮ እሳት ጋ ትቆሚያለሽ።

ኮንትራትሽ ስለ ሌሊት ምን ይላል?

አሁን ብዙዎቻችን ወደማናውቀው ነገር እንግባ። የሊባኖስ የ1946 የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ አውጥቷታል። ስለዚህ የሚቀርሽ ኮንትራትሽ ነው። በ2009 የወጣው አንድ ዓይነት ኮንትራት በዐረብኛ የተጻፈ ነው፤ የፈረምነው ሳናነበው ነው። እዚያ ውስጥ የሥራ ሰዓት በቀን ከ10 ሰዓት እንደማይበልጥ፣ በሌሊትም ቢያንስ 8 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት እንደሚገባሽ ተጽፏል። ተከታታይ የሚለውን ቃል ያዢ። አራት ጊዜ ተቀስቅሰሽ በድምሩ 8 ሰዓት ብትጋደሚ ያ ተከታታይ አይደለም።

በ2020 የሠራተኛ ሚኒስቴር የተሻለ ኮንትራት አውጥቶ ነበር፤ በሳምንት 48 ሰዓት፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የዕረፍት ቀን። የመክተብ ባለቤቶች ማኅበር ከሰሰና የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት፣ ሹራ የሚሉት፣ በዚያው ዓመት በኦክቶበር አገደው። የከሰሰው ማን እንደሆነ ስታዪ የትርፍ ሰዓቱ ክፍያ ማንን እንዳስፈራ ይገባሻል።

ወደ ባሕረ ሰላጤው ስንሄድ ሕግ አለ። የኩዌት የ2015 ሕግ የሥራ ሰዓትን በቀን 12 ላይ ያቆመዋል። የኳታር የ2017 ሕግ 10 ሰዓት ይላል። የኤምሬትስ የ2022 ሕግ በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ 8ቱ ተከታታይ እንዲሆን ያዛል። በሳዑዲ የ2013 ደንብ በቀን ቢያንስ 9 ሰዓት ዕረፍት ይሰጥ ነበር፤ በኋላ የተተካው ደግሞ ሥራው በቀን ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል።

ቁጥሩ ጥሩ ነው። ክፍተቱ ያለው ቁጥሩ ላይ ሳይሆን «ሥራ ምንድነው?» የሚለው ላይ ነው። ማዳም ሌሊቱን እንደ ዕረፍት ትቆጥረዋለች፣ ምክንያቱም ፍራሽ ላይ ነሽ። አንቺ ግን አንድ ጆሮሽ ነቅቷል። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2011 ያወጣው ስለ ቤት ሠራተኞች የሚናገረው ስምምነት ቁጥር 189 በአንቀጽ 10 ይህን ነገር አንስቶታል። ሠራተኛዋ ጊዜዋን እንደፈለገች ማድረግ ሳትችል ለሚመጣ ጥሪ ዝግጁ ሆና የምትቆይበት ሰዓት፣ የአገሩ ሕግ በሚወስነው መጠን፣ እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠራል ይላል። ሊባኖስም የባሕረ ሰላጤው አገሮችም ይህን ስምምነት አላጸደቁትም። ስለዚህ ፍርድ ቤት ይዘሽው የምትሄጂው ወረቀት አይደለም። ግን አንድ ነገር ይነግርሻል፤ ተጋድሞ መጠበቅ ሥራ እንደሆነ ዓለም ተነጋግሮበታል። አንቺ ከራስሽ ያመጣሽው ቅሬታ አይደለም።

አንድ ደብተር ለሁለት ጉዳይ

ታዲያ ምን እናድርግ? እኔ የምመክራችሁ ትንሽ ደብተር መግዛት ነው። ለሁለት ሳምንት በየሌሊቱ ይህን ጻፊ፦

ስንት ሰዓት ተኛች? ስንት ጊዜ ነቃች፣ በስንት ሰዓት? ለምን፤ ሽንት፣ ሕመም፣ ትንፋሽ፣ ፍርሃት? ምን ኪኒን በስንት ሰዓት ወሰደች? ቀን ላይ ስንት ሰዓት አንቀላፋች? አንቺስ እያንዳንዱን ጊዜ ስንት ደቂቃ ቆየሽ?

በአማርኛ ጻፊው፤ ሰዓቱን በቁጥር ካደረግሽው ማንም ያነበዋል። የምትጽፊው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን በዚህ አገር፣ አንዱን ብቻ ያዢ። በየቀኑም ገጹን ፎቶ አንስተሽ ለምታምኛት እህት ላኪ፤ ደብተሩ ቢጠፋ ይቀራል።

ይህ ደብተር ሁለት ሥራ ይሠራል። ለሐኪሙ ሕመሙን ያሳየዋል፤ «አትተኛም» ከሚል ወሬ ይልቅ «አምስት ጊዜ ትነሳለች፣ አራቱ ለሽንት ነው» የሚል ጽሑፍ ይበልጥበታል። ላንቺ ደግሞ የሥራ ሰዓትሽ መዝገብ ነው። ነገ ከማዳም ጋር ብትነጋገሪ፣ ወይም ጉዳይሽ ወደ ኤምባሲ ወይም ወደ ረጂ ድርጅት ቢሄድ፣ ባዶ እጅሽን አትሄጂም።

ስትነጋገሪ ከአሮጊቷ ጀምሪ። «ደከመኝ» ካልሽ «ሁሉም ይደክመዋል» ይሉሻል። «ቴታ ማ ናመት፣ ላዚም ሐኪም» በይ። ደብተሩን አሳዪ። ልጇ ውጭ አገር ካለ በቪዲዮ ሲደውል እሱም ይይ፤ ብዙ ጊዜ ገንዘቡን የሚልከው እሱ ነው፣ ሌሊቱን ግን አያውቀውም። ሐኪም ካየቻት በኋላ የራስሽን ጠይቂ። በሳምንት ሁለት ሌሊት ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይደር። ይህ ካልሆነ ሌሊት ለነቃሽው ምትክ ቀን ላይ ማንም የማይጠራሽ የተወሰነ የእንቅልፍ ሰዓት ይኑርሽ። ሌሊቱ በሙሉ ሥራ ከሆነ ግን ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ አንድ ሰው 24 ሰዓት ሊሠራ አይችልም።

አውቃለሁ፣ ሁሉም ቤት እንዲህ አይነጋገርም። በካፋላ ሥር ከቤቱ የወጣች ሠራተኛ የመኖሪያ ወረቀቷን ታጣለች፤ ስለዚህ ማንንም «ተጋፈጪ» ብዬ አልገፋም። ቤትሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ደብተሩን መጻፍ ግን ከማንም ጋር አያጣላሽም።

«ሰዓት መቁጠር ነውር ነው» ለምትሉ

አንዳንድ እህቶች «እናቴ ብትሆንስ ኖሮ? ሰዓት እቆጥር ነበር?» ይላሉ። ልባችሁን አከብራለሁ። ብዙዎቻችን የራሳችንን እናት ሳንጦር የሰው እናት ነው የምንጦረው፤ ፍቅሩም እውነተኛ ነው። ግን ሀገር ቤት እናት ስትታመም ሌሊቱን አንድ ሰው ብቻውን ይዞት አያውቅም። እህት ታድራለች፣ ጎረቤት ትመጣለች፣ የወንድም ሚስት ትቀይራለች። እዚህ የጠፋው ያ ነው። የምንጠይቀው ተራ እንዲኖር ነው።

ደግሞም ያልተኛች ሠራተኛ ለአሮጊቷም አደጋ ናት። መድኃኒት ትሳሳታለች፣ ስታነሳት ትጥላታለች፣ ጋዙን ትረሳለች። ሌሊቱን ነቅተሽ ያደርሽ ቀን የበረንዳ መስኮት ላይ ወጥተሽ አትጽጂ፤ እምቢ ማለት ካልቻልሽ «ነገ» በይ። ከበረንዳ የወደቁ እህቶቻችንን ሁላችንም ሰምተናል።

ዛሬ ማታ

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ማንንም ሳትጠይቂ ዛሬ ማታ የምትሠሪው አለ። ከአልጋዋ እስከ ሽንት ቤት ያለውን ምንጣፍ አንሺ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መብራት መንገዱ ላይ አድርጊ። ጫማዋ ከኋላ የተዘጋና የማያንሸራትት ይሁን። አልጋዋ አጠገብ ደወል ወይም የምታንኳኳበት ነገር አስቀምጪላት። መግዛት ከቻሉ ደግሞ መቀመጫ ያለው የሽንት ወንበር አልጋዋ ጎን ይቁም፤ ለእሷም ላንቺም ብዙ እርምጃ ያስቀራል።

የአምቡላንስ ቁጥር ስልክሽ ላይ ይኑር፤ ሊባኖስ ቀይ መስቀል 140፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ ኩዌት 112፣ ኳታር 999። የምትኖሪበትን ሰፈርና የሕንፃውን ስም በዐረብኛ መናገር ተለማመጂ፤ ሌሊት በድንጋጤ ጊዜ አይመጣልሽም። ሊባኖስ ላሉ ደግሞ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ራሳቸው የመሠረቱት «እኛ ለእኛ በስደት» አለ፣ ካፋ የሚባለው የሊባኖስ ድርጅትም አለ። ሌሊቱ ከአቅምሽ በላይ ከሆነ ደብተርሽን ይዘሽ ለእነሱ ንገሪ።

ደብተሩን ዛሬ ጀምሪ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ቀኑን፣ ቀጥሎ ቴታ የተኛችበትን ሰዓት፣ ቀጥሎ አንቺ የተኛሽበትን ሰዓት ጻፊ። ሁለቱ ሰዓቶች ጎን ለጎን ይታዩ።